የሚፈላ ውሃና የሳይንስ ትምህርት በደሴና በኮምቦልቻ

‹‹ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል›› የሚለው ትምህርት፣ ከፍታ ሳይጠቀስ ሲነገር፣ የባሕር ወለል እውነት እንጂ የደሴ እውነት አይደለም። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ደሴ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻም በ94 ገደማ ይፈላል። ተማሪው ለክቶ 92 ቢያገኝ ስሕተቱን በራሱ ላይ ይጥላል፤ የዐይኑን ምስክርነት ትቶ መሸምደድን ይመርጣል።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ መወሰኑ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌው ባዕድ ከሆነ ቋንቋው ብቻውን እኩልነትን አያመጣም። ይህን ስንል የወሎ ፊዚክስ ለብቻው ይጻፍ ማለታችን አይደለም፤ ሕጉ አንድ ነው፤ የሚለያየው የአየሩ ግፊት ነው። ንፍሮ በደጋ ዘግይቶ እንደሚበስል የምታውቅ እናት የትምህርቱን መግቢያ ይዛለች። የሁለቱ ከተሞች ተማሪዎች በአንድ ቀን ለክተው ቍጥራቸውን ቢለዋወጡ፣ ልዩነቱ ራሱ መምህር ይሆናቸዋል።