ዝናብ ወደብ ላይ ሲያቆይ

በባለሸራ ጀልባ ጉዞ ውስጥ እንደ ዝናባማ የወደብ ቀን የሚጥመኝ የለም። በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ሙል ደሴት ላይ ያለችው ቶበርሞሪ ደግሞ ለዚሁ የተፈጠረች ትመስላለች። እ.ኤ.አ. በ1788 የተቆረቆረችው ለዓሣ አስጋሪዎች ነው፤ ካልቭ የምትባል ትንሽ ደሴት ከፊቷ ተጋድማ ማዕበሉን ትመክትላታለች። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ የተቀቡት የወደቡ ዳር ቤቶች ዝናብ ሲወርድባቸው ይበልጥ ይደምቃሉ።

ጠዋት የቢቢሲ ሬዲዮ የባሕር አየር ትንበያ ይደመጣል። ማሊን የተባለው የአካባቢው የባሕር ክልል ተራ ደርሶ ኃይለኛ ነፋስ እንደሚነፍስ ሲነገር ጥድፊያው ሁሉ ያበቃል፤ «እንሂድ» የሚል ሰው አይኖርም። ይህ እፎይታ ብቻውን ለእኔ የዕረፍት ቀን ያህል ነው።

በጀልባዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማንቆርቆሪያው ይንተከተካል፤ መስኮቱን እንፋሎት ያለብሰዋል፤ ደረጃው ሥር የተሰቀለው የዝናብ ልብስ ጠብ ጠብ ይላል። ከላይ ነፋሱ የሸራ መስቀያውን ገመድ ከብረት ምሰሶው ጋር ያማታዋል። (ገመዱን ከምሰሶው አርቆ ማሰር ለጎረቤት ጀልባ እንቅልፍ ማሰብ ነው፤ ዝናብም ቢሆን ወጥቶ ማሰር ይገባል።)

ከዚያ እጅ ሥራ ያገኛል። አንዱ የተተረተረ የገመድ ጫፍ ይዞ፣ በሰም የታሸ ክር ዙሪያውን አጥብቆ ይጠመጥምበታል፤ ጠምጥሞም በመርፌ ይሰፋዋል። ሌላው የባሕር ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በሙል ሰርጥ ውኃው አቅጣጫውን የሚቀይርበትን ሰዓት ያሰላል። በጉዞ ላይ በቁራጭ ቃል የሚግባቡ ሰዎች ያን ቀን ወግ ይጀምራሉ፤ ሻይ ይደገማል፣ ይሠለሳል፣ ነገ ስለሚነሡበት ሰዓትም ሳይቸኩሉ ይከራከራሉ።