በሐራጅ የተሸጠ ቤት፦ ተቃውሞው መቼ ይቀርባል?

በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ የተሸጠን ቤት ማስመለስ የሚፈልግ ሰው ሽያጩ ፈራሽ ነው አይደለም ከማለቱ በፊት አፈጻጸሙ የት እንደደረሰ ማወቅ አለበት። ሐዋሳ ላይ በአፈጻጸም ችሎት መቆም የጀመረ ጠበቃ ግን ቶሎ የሚያነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሽያጩ ከመነሻው ሕገወጥ ከሆነ ይርጋ ያግደዋል?

ጥያቄው የሚመጣው ከውል ሕግ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1810 የሁለት ዓመት፣ ቁጥር 1845 የአሥር ዓመት ጊዜ ያስቀምጣሉ፤ ፈራሽ ውል በይርጋ ይታገዳል ወይ የሚለውም ያከራክራል። ሐራጅ ግን ባለዕዳው ፈቅዶ የፈረመው ውል አይደለም። ፍርድ ቤት የመራው ሥራ ስለሆነ የሚፈታውም በ1958 ዓ.ም. በወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ መንገድ ነው። አሥር ዓመት አለኝ ብሎ የተቀመጠ ባለጉዳይ ዋናውን ዕድል ያጣል።

ዋናው ዕድል ያለው ከሐራጁ በፊት ነው። ታቦር ክፍለ ከተማ ያለ ቤት በባል ስም ካርታ ወጥቶለት፣ ክሱም ፍርዱም በባል ላይ ብቻ ቢሆን፣ ሚስት ቤቱ የጋራ ነው የምትለው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 418 እስከ 421 ባሉት ድንጋጌዎች ነው። የጋብቻ ማስረጃዋንና ቤቱ መቼ እንደተሠራ የሚያሳየውን ሰነድ አያይዛ፣ በዚያው ማመልከቻ እግድ መጠየቅ አለባት። እግድ ያልተጠየቀበት ተቃውሞ እየታየ ቤቱ ሊሸጥ ይችላል። ቁጥር 358 ከዚህ ይለያል፦ በክርክሩ ተካፋይ መሆን የሚገባው ወይም የሚችል ሆኖ ያልገባ ሰው ፍርዱን ራሱን የሚቃወምበት ነው፤ እሱም ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቅረብ አለበት። ሁለቱን ማደባለቅ ቀላል የሚመስል ግን ውድ ስሕተት ነው።

የክርክሩ ተካፋይ የነበረው ባለዕዳ በ60 ቀን ይግባኝ ይላል፤ ሐሰተኛ ሰነድ ወይም ጉቦ የመሰለ አዲስ ነገር ካገኘ በቁጥር 6 መሠረት ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ዳግም ዳኝነት ይጠይቃል። ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም።

ቤቱ ከተሸጠ በኋላ የሚቀረው ቁጥር 445 ነው፤ የሙያው ልክ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ቤቱ በርካሽ ሄደ ማለት አይበቃም። በማስታወቂያው ወይም በሐራጁ አካሄድ ላይ ከባድ ጉድለት ወይም ማታለል መኖሩና ከዚያ የመጣው ጉዳት መረጋገጥ አለበት። ይህ ከፍርዱ ግልባጭ አይገኝም። የአፈጻጸም መዝገቡ ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለበት፦ የመነሻ ግምቱ በማን እንደተሰጠ፣ ማስታወቂያው የትና መቼ እንደተለጠፈ፣ ሐራጁ በተባለው ቀንና ሰዓት መካሄዱን ቃለ ጉባኤው ይናገራል። በማስታወቂያው ላይ የተሳሳተ የቤት ቁጥር ተጫራቾችን አሳስቶ ከሆነ፣ ስለ ፍትሕ ከተጻፉ አሥር ገጾች ይልቅ ያ አንድ ቁጥር ችሎቱን ያሳምናል። እንዲህ ያለውን ንባብ አሰልቺ ጸሐፊነት ነው ብሎ የሚንቅ ጠበቃ የደንበኛውን ቤት ለዕድል ይተወዋል።

በመያዣ የተያዘ ቤት በባንክ ሲሸጥ መንገዱ ይለወጣል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት መሸጥ ይችላል። የሐራጅ ደንቦቹን ጥሶ ለሚያደርሰው ጉዳት ካሳ ስለሚከፍል፣ ባለዕዳው የቤቱን የገበያ ዋጋ የሚያሳይ ግምት ከሽያጩ በፊት አስጠንቶ መያዝ ይገባዋል።