ወገብ ያመመው ሰው የጠጣው ውሃ

አዳማ ውስጥ ወገቡን ይዞ ለሚመጣ ጎልማሳ፣ ልምድ ያለው ሐኪም ስለ ሸክምና ስለ መውደቅ ከጠየቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ያክላል፦ «ጋሼ፣ ልጅ ሳሉ ውሃ የሚቀዱት ከየት ነበር?» ታካሚው ግር ይለዋል። እሱ የመጣው «ብርድ ነው የመታኝ» ብሎ ነው። መልሱ ወንጂ፣ መተሐራ ወይም ዓለም ጤና አካባቢ ያለ ጉድጓድ ከሆነ ግን ምርመራው አቅጣጫ ይቀይራል።

የስምጥ ሸለቆ ውሃ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ያሟሟል። ካልሲየም ቢበዛበት ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር፤ የሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ግን ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በሸለቆው ከ10 የሚበልጥባቸው ጉድጓዶች አሉ።

ሰውነት ኩላሊት ያላስወጣውን ፍሎራይድ አጥንት ውስጥ ያከማቻል። አጥንት ሠሪ ሕዋሳት ይቀሰቀሳሉ፤ አጥንቱ ይወፍራል፣ ይከብዳል፣ ጥንካሬው ግን አብሮ አያድግም። ጅማቶች ቀስ በቀስ ወደ አጥንትነት ይለወጣሉ። መጀመሪያ የሚሰማው ጠዋት ጠዋት መድረቅና ቁርጥማት ነው። ዓመታት ሲያልፉ የአከርካሪው ቦይ ይጠብና የነርቭ ሥሮች ይጨፈለቃሉ፤ ሕመሙም እያቃጠለ ወደ ክንድ ወይም ወደ እግር ይወርዳል። ህብለ ሰረሰር ራሱ ከተጫነ እግር ይከዳል።

ፍሎሮሲስ የተባለውን ይህን ጉዳት መጀመሪያ በዝርዝር የገለጹት የዴንማርክ ሐኪሞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1932፣ ክራዮላይት የተባለ ማዕድን ሲፈጩ አቧራውን በሳቡ የኮፐንሃገን ሠራተኞች ላይ። በ1937 ሕንድ ውስጥ በመጠጥ ውሃ ምክንያት እንደሚመጣ ታወቀ። የእኛው ታሪክ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጋር የተያያዘ ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ አስጀመረ፤ ሠራተኛውም ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጣ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹና በ1990 ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ በሸለቆው ፍሎሮሲስ አንገትና ወገብ ላይ ነርቭን እየተጫነ ሰው እንደሚያሽመደምድ አሳዩ።

የሙያው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። የጀርባ ራጅ ብቻ ያየ ሐኪም «የዕድሜ ነው» ብሎ ሊሸኝ ይችላል። ነገሩን የሚያውቅ ግን ወገብ ለታመመ ሰው የክንድ ራጅ ያዛል፤ በሁለቱ የክንድ አጥንቶች መካከል ያለው ሽፋን አጥንት አብቅሎ ከታየ ፍሎሮሲስን አጥብቆ ይጠረጥራል። ራጅ ከሌለ ሳንቲም መሬት ላይ ይጥልና «ጉልበትዎን ሳያጥፉ ያንሱልኝ» ይላል፤ አገጩን ደረቱ ላይ እንዲያስነካ፣ እጆቹን ከጭንቅላቱ ጀርባ እንዲያገናኝ ያደርገዋል። የጥርስ ቡናማነት ሌላ ፍንጭ ነው፤ ግን በልጅነቱ ንጹህ ውሃ ጠጥቶ አድጎ ለሥራ የመጣ ሰው ጥርሱ ነጭ፣ አጥንቱ የታመመ ሊሆን ይችላል። ወገብ የሚያሳምሙትን የአከርካሪ ቲቢንና ብሩሴሎሲስንም መርሳት አይገባም፤ ሁለቱም በመድኃኒት የሚድኑ ናቸው።

ፍሎሮሲስ ግን የሚያድን መድኃኒት የለውም። ስለዚህ አንዳንዱ ባለሙያ «ውሃ ቀይር» ብሎ ያሰናብታል። ይህ ለጎረቤቱ ልጅ ጥሩ ምክር ነው፤ ሌሊቱን መገላበጥ ላቃተው ሰው ግን ግማሽ ሕክምና ነው። ውሃው ከተለወጠ በኋላ እንኳ የተከማቸው ፍሎራይድ ከአጥንት የሚወጣው በብዙ ዓመታት ነው። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ለጎደለው ይሰጣል፤ ለሚያቃጥለው የነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን ከተራ ማስታገሻ ይሻላል፤ ፊዚዮቴራፒ የቀረውን እንቅስቃሴ ያቆያል። እግሩ የሚዝል ሰው ሳይዘገይ ለቀዶ ሕክምና መላክ አለበት።

ዲክሎፍናክ የተባለው ማስታገሻ ላይ ግን ጠበቅ ማለት ያሻል። ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለወራት የሚውጡት ብዙ ናቸው፤ መድኃኒቱ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፣ የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ ፍሎራይድን በደንብ አያስወጣም።

ወንጂ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ፍሎራይድን በአሉሚና ማጣሪያ ማስወገድ ተሞክሯል፤ ሞጆ ላይ ከከብት አጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ ተመርቷል። አዳማ ራሷ ዛሬ የተጣራ የአዋሽ ውሃ ትጠጣለች። ታካሚው ከገጠር ከመጣ ግን ከመሸኘቱ በፊት ቤት ውስጥ ከ8 ዓመት በታች ልጅ እንዳለ ይጠየቃል፤ የቋሚ ጥርስ ገለፈት የሚሠራው በዚያ ዕድሜ ነውና። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አይቀንስም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። ይህን በዚያው ቀን ለልጁ እናትም መንገር የሐኪሙ ሥራ ነው።