የግልና የመንግሥት ቤተ መዘክሮች ልዩነት ከትምህርት አንጻር

ቤተ መዘክር የትምህርት መርጃ ነው የሚለው አባባል በመምህራን ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪዎችን ወደ ቤተ መዘክር ስንወስድ፣ ተቋሙ የማን እንደሆነና ለማን ተጠሪ እንደሆነ እንዲጠይቁ የማድረግን ልማድ አላዳበርንም። በተለምዶ የመንግሥቱ ሰፊና የታመነ፣ የግሉ ደግሞ ጠባብና የአንድ ሰው ፍላጎት ውጤት ተደርጎ ይታሰባል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ዋናው ልዩነት የስፋት ሳይሆን የማስረጃ አያያዝ ነው።

በመጀመሪያ በአዲስ አበባ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም እንመልከት። ድንቅነሽ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ሥፍራ ተገኘች። ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመት ሲሆን፣ በሳይንሳዊው መዝገብ ኤ.ኤል. 288-1 በተሰኘ ቁጥር ትታወቃለች። የተገኘችበት ሥፍራና የአጥንቶቿ ዝርዝር ተመዝግቧል፤ ለተመልካች የሚታየው አምሳያዋ ሲሆን፣ ዋናው ዐፅም በጥበቃ ይቀመጣል። ሠራተኛው ቢለወጥ፣ ኃላፊው ቢዛወር መዝገቡ ይኖራል። የመንግሥት ቤተ መዘክር ጥንካሬ ይኸው ነው። ድክመቱ ደግሞ ከዚሁ ይመነጫል፤ በመስታወቱ ሥር የተለጠፈው መግለጫ ጸሐፊው ያልታወቀ የመሥሪያ ቤት ቃል በመሆኑ፣ ተማሪው ይገለብጠዋል እንጂ አይጠይቀውም።

በሐረር ጀጎል ውስጥ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ያቋቋሙት ቤተ መዘክር ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። በመጀመሪያ በገዛ ቤታቸው የተከፈተው ይህ ስብስብ፣ ኋላ የክልሉ መንግሥት በሰጠው፣ የራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ በሚታወቀው ሕንጻ ተደራጅቷል። በእጅ የተጻፉ ጥንታውያን መጻሕፍት፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና የጦር መሣሪያዎች በዚያ ይገኛሉ፤ የተጎዱ መጻሕፍትም ይጠገናሉ፣ ይጠረዛሉ። በየጓዳው የተቀመጠ የቤተሰብ ቅርስ በቅድሚያ በአደራ የሚሰጠው ለሚታመን ሰው ነውና፣ ይህን የመሰለውን ሥራ በደብዳቤና በማኅተም ብቻ ማከናወን አይቻልም። ነገር ግን አደጋውም ከዚሁ አመኔታ ጋር የተያያዘ ነው። ዕቃው ከማን እጅ እንደመጣ፣ ለምን ያገለግል እንደነበር የሚያውቀው ሰብሳቢው ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ባለፈ ዕለት ዕቃው ምስክር የሌለው ይሆናል።

ሦስተኛው ምሳሌ በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ያቋቋሙት የሟቾች ቤተሰቦችና ከሞት የተረፉ ሰዎች ሲሆኑ፣ የሰማዕታቱን ፎቶግራፎችና ዐፅም ለእይታ አቅርበዋል። እዚህ የሚናገረው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ስለሆነም መምህሩ ምስክርነትን ከታሪክ ጥናት ለይቶ ማስረዳት ይገባዋል፤ ይህም የምስክሩን ቃል ለማሳነስ ሳይሆን በተገቢው ሥፍራ ለማክበር ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ተቀብሎ፣ ባለቤቱ በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል። ዕቃው ቢጠበቅም የባለቤቱ ቃል በጽሑፍ ካልሠፈረ ግን ለትምህርት የሚተርፈው ግማሹ ብቻ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ሁለት ነገሮችን ማሳሰብ ይቻላል። አንደኛ፣ ዕጩ መምህራን በጉብኝት ጊዜ ዕቃውን ማን እንደሰበሰበው፣ ከማን እንደተገኘ፣ መግለጫውን ማን እንደጻፈውና ምን እንደተተወ እንዲጠይቁ ይሠልጥኑ። ሁለተኛ፣ በየአካባቢያቸው የሚገኙ የግል ሰብሳቢዎችን ቃል፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው በጽሑፍ ይመዝግቡ፤ አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ፣ ሌላው ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። ይህ የተለየ በጀት አይጠይቅም፤ ሰብሳቢዎቹ በሕይወት ሳሉ ካልተጀመረ ግን ኋላ በማናቸውም በጀት ሊተካ አይችልም።