የውሰት ቃላት አመዘጋገብ፦ ስለ ጥብቀትና ስለ ቀለም አከፋፈል

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት መተማ፣ ስሟ በጽሑፍ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። በአነጋገር ግን «ማ» ስለሚጠብቅ የቀለሙ አከፋፈል «መ-ተም-ማ» ይሆናል፤ ከጠረፉ ማዶ ያለው ዐረብኛም «ሚም»ን ያጠብቃል። አገሩን የማያውቅ አንባቢ «መ-ተ-ማ» ብሎ ቢያላላው ግን ፊደሉ አያርመውም። ተርጓሚዎች ስሙን በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንዱ በአንድ «ኤም»፣ ሌላው በሁለት መጻፋቸው ከዚሁ የመጣ ነው።

ጉዳዩ የውሰት ቃላትን ሁሉ ይመለከታል። የቃሉን ምንጭ ማመልከት ብቻውን ለአንባቢ በቂ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን አይበቃም። ዐረብኛው «ሱክ-ከር» ወደ አማርኛ ሲገባ ጥብቀቱን ይዞ፣ የ«ሱ»ን የከንፈር ክበት ለ«ከ» አስተላልፎ «ስኵ-ኳር» ሆኗል። «ጎማ»ም የጣልያንኛውን ጥብቀት ሳይለቅ «ጎም-ማ» ይባላል። በአንጻሩ በጣልያንኛ የሚጠብቀው «ማክ-ኪና» በአማርኛ ላልቶ «መ-ኪ-ና» ሆኖ ይነገራል። ስለዚህ ከምንጩ ተነሥቶ የአማርኛውን አነባበብ መተንበይ አይቻልም።

የምንጩን ቋንቋ የድምፅ ጫና መዝግቦ ማለፍም እንዲሁ አይጠቅምም። በጣልያንኛ ጫናው የሚያርፍበት ቀለም ጎልቶ ይሰማል፤ በአማርኛ ግን ጫና ደካማ ነው፤ ትርጕም የሚለየው ጥብቀት ነው። «ዋና» ሲላላ በውሃ ላይ መንሳፈፍን፣ ሲጠብቅ ቀዳሚነትን ያመለክታል።

በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የቮልፍ ሌስላው አጭር መዝገበ ቃላትና በ1990 የታተመው የቶማስ ኬን ሰፊ ሥራ ጥብቀትን በማመልከታቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁንና ጥብቀቱ የሚታየው በላቲን ፊደል በተጻፈው አነባበብ ስለሆነ፣ አማርኛ ተናጋሪው የገዛ ቃሉን በባዕድ ፊደል እንዲያጣራ ይገደዳል። የማተሚያ ችግርም ዛሬ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡት ሁለት የጥብቀት ነጠብጣቦች እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ ተመዝግበዋል።

ስለሆነም ወደፊት የሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ የውሰት ቃል ከምንጩ ጎን ሁለት ነገሮችን፣ ማለትም የጥብቀቱን ምልክትና የቀለሙን አከፋፈል፣ ሊያሰፍር ይገባዋል። እነዚህም ከምንጩ ቋንቋ ሰዋስው ሳይሆን ከተናጋሪው አንደበት የተሰሙ መሆን አለባቸው። ይህ ካልተደረገ፣ የመተማ ሕዝብ ያለ ስሕተት የሚጠራውን ስም ከመዝገብ የሚማር ሰው ሲያሳስተው ይኖራል።