ነጭ ልብስ፣ ጠይም ፊት፣ አንጸባራቂ ውሃ

ጣና ማንንም ፎቶ አንሺ ጎበዝ ያስመስላል። ሰርጋቸው የቀረበ የባሕር ዳር እጮኞች ወደ ሐይቁ ዳር ወይም ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥተው የሚነሱት ፎቶ ውበቱ ግማሹ የቦታው ነው። አልበም የሚመዝን ሰው ይህን ግማሽ ቀንሶ የቀረውን ማየት አለበት።

ከፊትና ከልብስ ይጀምሩ። የሐይቁ ዳር ከባዱ ፈተና ነጭ የሀበሻ ቀሚስ፣ ጠይም ፊትና የሚያንጸባርቅ ውሃ በአንድ ፎቶ መገናኘታቸው ነው። ካሜራው ለውሃው ካደላ ፊት ይጠቁራል፤ ለፊት ካደላ ቀሚሱ ባዶ ወረቀት ይመስላል። በጥሩ ሥራ ላይ የጥበቡ ክር አንድ በአንድ ይለያል፣ የሙሽራዋም መልክ የራሷ ይሆናል። የቀለም ፊልም ለብዙ ዓመታት የሚስተካከለው «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ፊልሙ ቢቀርም ፊት የማንጣት ልማድ በኤዲት ቀጥሏል። ስለዚህ ፊትን ከአንገትና ከእጅ ጋር ያስተያዩ፤ ሦስቱ የአንድ ሰው ካልመሰሉ ሥራው ተበላሽቷል።

ቀጥሎ ሰዓቱ ነው። በሚያዝያ 13 ገደማ የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ትውላለች። ይህ ደግሞ የዳግማ ትንሣኤ ሰርገኞች ፎቶ የሚነሱበት ወቅት ነው። በዚያ ሰዓት የተነሳ ፊት ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ወይም ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ይቀጥራል። ቀትር ላይ ከተገደደ ዋርካ ጥላ ሥር ያስገባቸዋል፤ ያኔም በቅጠሉ መሃል የሾለከ ብርሃን ፊታቸውን ዥጉርጉር አለማድረጉን ያረጋግጣል።

ሰማዩን ደግሞ ውሃው ይመስክርበት። ሰማዩ እንደ ፍም ቀልቶ ውሃው ግራጫ ከሆነ ሰማዩ በኮምፒውተር የተለጠፈ ነው። የሚያዝያ አልበም ውስጥ ጢስ ዓባይ ከዳር እስከ ዳር እያጓራ ከታየም ይጠርጥሩ። ፏፏቴው የሚሞላው ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ነው፤ በበጋ ወንዙ ይጎድላል፣ ከውሃውም ለኃይል ማመንጫ የሚጠለፍ አለ።

ስለ ሰዎቹ ትከሻቸው ይናገራል። በሰው ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው የማያውቁ ጥንዶች «ተቃቀፉ» ሲባሉ ትከሻቸው ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ጣታቸውም ይደርቃል። ጥሩ ፎቶ አንሺ እያራመደና እያጫወተ ይህን ያስረሳቸዋል። የደንገል ታንኳ ላይ ሲያስቀምጣቸውም የቀሚሱ ጫፍ እንዳይርስ አስቀድሞ ያስባል። በአንጻሩ ለሁለታችሁም ክብራን ገብርኤል ገዳም ውስጥ ፎቶ አነሳችኋለሁ የሚል ካለ ሐይቁን አያውቀውም፤ ገዳሙ ሴት አያስገባም።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት በስልክ የሚያሳይዎትን ምርጥ ምርጥ ፎቶ ይተዉትና የአንድ ጥንድ ሙሉ አልበም ይጠይቁ። ሽፋኑንና የመጨረሻውን ገጽ ይለፉ፤ እነዚህ ሁልጊዜ ያምራሉ። የሥራው ደረጃ የሚታየው መሃል ላይ፣ ጥንዶቹ ደክመው ብርሃኑም በከበደበት ሰዓት በተነሱት ፎቶዎች ነው። እነሱ ካማሩ ቀብዱን ይክፈሉ።