ሳሩን ማን አባረረው?

እናታችን ካረፈች ወዲህ ስድስት ክረምት ያለፈበት ጓሮ አለን፤ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል፣ የባሕር ዛፍ ሽታ ከጉሙ ጋር በሚወርድበት ሰፈር። አምና ነሐሴ ገብቼ ብረግጠው እግሬ ሰመጠ። ከሩቅ ሳር መስሎኝ ነበር። ለካ ያ በእርጥብ ድንጋይና በአሮጌ ግንብ ላይ የምናየው፣ እውነተኛ ሥር የሌለው፣ ውሃ እንደ ስፖንጅ የሚመጥ አረንጓዴ ሽበት ነው። መምህር ሳለሁ ተማሪዎቼ ስለ መስክ ሲጽፉ “አረንጓዴ ምንጣፍ” ባሉ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ እሰርዝባቸው ነበር። ይቅርታ ልጆች፣ ምንጣፉን አገኘሁት።

ታናሽ ወንድሜ አንዴ አየት አደረገና ፈረደ። “ወንድምጋሼ፣ ምን ያደክምሃል? ሊሾ አድርገውና ተገላገል! መኪናም ይቆምበታል።”

እናታችን ቡና የምታፈላው እዚያ ሳር ላይ ነበር። እሱም ያውቃል።

በዚህች “ተገላገል” በምትባል ቃል በየሰፈሩ ስንቱ ጓሮ ተቀበረ! ጭቃ ሆነ፣ ሊሾ። ሳሩ ሳሳ፣ ሊሾ። ከዚያስ? በዓል ሲደርስ ገበያ ወርደን ቄጠማ ገዝተን ሊሾው ላይ እንጎዘጉዛለን። አሁን አሁንማ ቄጠማውም አድካሚ ሆነና በየጀበና ቡናው የፕላስቲክ ሳር ተነጥፏል፤ በመጥረጊያ የሚጠረግ ሳር! ሳርስ እንወዳለን፣ እንዲበቅል ብቻ አንፈልግም። ሊሾው ላይ የዘነበውን ዝናብ ደግሞ መሬቱ አይቀበለው፤ የጎረቤትን በር አንኳኩቶ ወደ ታች ሰፈር ይወርዳል። የታች ሰፈር ሰው ይቻለው።

ሽበቱ ሳሩን አልገደለም። ሳሩ ለቅቆ የሄደበትን ቦታ ነው የያዘው። ታዲያ ሳሩን ማን አባረረው? ዞር ዞር ብዬ ሳይ ጥፋተኞቹ እኛው ሆነን ተገኘን። የተሰበረው አሸንዳ የጣሪያውን ውሃ በሙሉ እዚያው ይደፋል። ለዓመታት ያልተከረከመው ጽድ ፀሐዩን ዘግቶታል። መሬቱ አሮጌ ቆርቆሮና ጣውላ ተከምሮበት፣ ሰው ሲመላለስበት ኖሮ እንደ ጡብ ጠጥሯል። ይህ ሳይነካ ሽበቱን በአካፋ ብትፍቁት በሚቀጥለው ሐምሌ ይመለሳል፤ እንደ ዱቄት የላመ ብናኙ በነፋስ ይጓዛል።

እናም ከአሸንዳው ጀመርኩ። ቦይ ተቆፈረ፣ የጽዱ የታች ቅርንጫፎች ተከረከሙ። ከዚያ በቁራጭ ፌሮ መሬቱን እየወጋጋሁ ቀዳዳውን በአሸዋና በበሰበሰ ፍግ ሞላሁት። አብሮኝ የሚሠራው የቀን ሠራተኛ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። “ጋሼ፣ መሬቱ ታሟል እንዴ? መርፌ እኮ ነው የሚወጉት!” ዝናቡ ሲጀምር ከመንገድ ዳር የነቀልነውን ሰርዶ ቁርጥራጭ በሰኔ ተከልን።

ቀና ስል የማየው ተራራም ይህን ታሪክ ያውቀዋል። እንጦጦ ለማገዶ ተመንጥሮ ሲራቆት፣ በ1880ዎቹ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ሸፈነው። ከተማዋን ከማገዶ ችግር ማዳኑን አልክድም። ግን ከሥሩ ሳር እንደ ልብ አይበቅልም፤ የረገፈው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ ደግሞ አፈሩ ዝናቡን ራቁቱን ይቀበላል። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በ1980ዎቹ መጨረሻ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ ወደ መተካት ገባ። በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ፎቶ የማይነሣ የለም። ከቀስ በቀሱ ችግኝ አጠገብስ ማን ፎቶ ይነሣል?

“ሳሩ መሬቱን እስኪሸፍን ሁለት ዓመት? እስከዚያ ማን ይኖራል?” አለኝ ወንድሜ። “እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል” ያለችውን አህያ አስታወስኩት። አኮረፈኝ።

ሰርዶው እዚህም እዚያም መያዝ ጀምሯል። ከግድግዳው ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት አንድ ክንድ በማትሞላ ቦታ ግን ሽበቱን ተውኩት፤ እዚያ ሳር እንደማይሆን ሁለት ጊዜ ሞክሬ አይቻለሁ። ወንድሜ ሲመጣ ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው።